የሪንጎ ስታር የአንጋፋዎች ባንድ፦ ጡረታ ይውጡ ወይስ ይቀጥሉ? ጅማስ መቼ?

የቦሳ ልጅ

ሰላም የጅማ ልጆች። ቅዳሜ ማታ ፕሮጀክተር ካለው ልጅ ቤት ተሰብስበን የሪንጎ ስታርን ኦል ስታር ባንድ ኮንሰርት ግድግዳ ላይ አየን። መብራት እየሄደ እየመጣም ቢሆን ጨርሰነዋል። (ግልገል ጊቤ አፍንጫችን ሥር ሆኖ መብራት የሚሄድብን ነገር ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል።)

ለማያውቅ ባጭሩ። ሪንጎ የቢትልስ ድራመር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በሌሎች ባንዶች ስም ያወጡ ሙዚቀኞችን እየሰበሰበ ይዞራል። ሰዎቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ። እኛ ያየነው ላይ የቶቶው ጊታሪስት ስቲቭ ሉካተር፣ የሜን አት ወርኩ ኮሊን ሄይ፣ የአቨሬጅ ዋይት ባንዱ ሄሚሽ ስቱዋርት፣ ኤድጋር ዊንተር፣ ሳክስፎንና ዋሽንት የሚነፋው ዋረን ሃም፣ ድራመሩ ግሬግ ቢሶኔት አሉ።

አካሄዱ ቀላል ነው። ሪንጎ ጥቂት ይዘፍናል። ከዚያ ተራው የደረሰው ሰው የራሱን ባንድ ዝነኛ ያደረገውን ዘፈን ያመጣል። የቀሩት ያጅቡታል። ሪንጎም ወደ ድራሙ ተመልሶ ያጅባል።

ጭቅጭቁ የመጣው ሲያልቅ ነው። ግማሹ "በስማቸው እየነገዱ ነው፣ ቤታቸው ይረፉ" አለ። ግማሹ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ አፌን ከከፈትኩት ነኝ። እናንተስ? ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ጅማ ላይ ለምን አይታሰብም?

ጅሬን ላይ ነኝ

"ይረፉ" ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ሪንጎ እ.ኤ.አ. በ1940 የተወለደ ሰው ነው። መድረክ ላይ መዝለሉ ደስ ይላል፣ ዕድሜ ይስጠው። ሙዚቃው ግን ከአርባ ዓመት በፊት ያለቀ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ከፍሎ የሚገባው የራሱን ጉርምስና ለማየት ነው። ኮንሰርት ሳይሆን የፎቶ አልበም ነው። ገጹን ትገልጣለህ፣ "አይ ያ ጊዜ" ትላለህ፣ ትዘጋዋለህ።

አዌቱ ማዶ

እኔ በአካል አይቻቸዋለሁ። መንደራ ነው ያደግኩት፣ አሁን ካሊፎርኒያ ነኝ። ትኬቱን የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ለሪንጎ ግድ አልነበረኝም። ቢትልስን የማውቀው ከታላቅ ወንድሜ ካሴት ነው።

ሕዝቡ ሽበት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። አያት ከልጅ ልጅ ጋር ነው የመጣው። የሎው ሰብማሪን ሲጀመር ሕፃኑም ባለ ምርኩዙም ብድግ አለ። ሪንጎ ሁለት ጣቱን ወደ ላይ እያወጣ "ሰላምና ፍቅር" ይላል። ከዘፈን ዘፈን ይላል። መጨረሻ ላይ እኔም እንደ ሞኝ ጣቴን አወጣሁ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የነበረው ዘፈን የሜን አት ወርክ ዳውን አንደር ነበር። የካቲት መጀመሪያ ላይ የቶቶ አፍሪካ አወረደው። በሳምንቱ ዳውን አንደር ተመልሶ አንደኛ ሆነ። አንዱ ሌላውን ሲያወርድ የነበረ ማለት ነው። አሁን ኮሊን ሄይ ዳውን አንደርን ሲዘፍን ጊታሩን የሚጫወትለት የቶቶው ሉካተር ነው። ሉካተር አፍሪካ ሲደርስ ደግሞ ሄይ ከኋላ ሆኖ ይቀበላል። ሁለቱም ይስቃሉ። ይሄ ገንዘብ ብቻ ነው ካላችሁኝ እኔ አልቀበልም።

ጅሬን ላይ ነኝ

የ83ቱን አላውቅም ነበር። አሪፍ ነው። ግን አፍሪካ የሚለውን ዘፈን ባታነሺው ይሻልሽ ነበር :) የጻፈው ዴቪድ ፔይች ያኔ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። ኪሊማንጃሮን አምጥቶ ሴሬንጌቲ ላይ ተክሎታል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚራራቁ ቦታዎች ናቸው።

የቦሳ ልጅ

ቅዳሜ ያ ዘፈን ሲመጣ ግን ከሁሉ በላይ የጮኽከው አንተ ነህ። ምስክር አለኝ።

ጅሬን ላይ ነኝ

ቡናው ነው።

ስቲክ

ሉካተር ራሱ ዘፈኑን መጀመሪያ እንዳልወደደው ደጋግሞ ተናግሯል። አይሳካም ብሎ ነበር። ይኸው ሕይወቱን ሙሉ ሲጫወተው ይኖራል።

እኔ ድራም ስለምመታ ሰው ልብ የማይለውን ልጨምር። ሪንጎ ግራኝ ነው። ድራሙ ግን የተተከለው ለቀኝ ሰው ነው። ቀኝ ሰው ከስኔሩ (ጉልበቱ መሃል ካለው ከበሮ) ተነስቶ በታሞቹ (በተደረደሩት ሌሎች ከበሮዎች) ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሪንጎ ግራ እጁ ስለሚቀድም እንደዚያ መውረድ አይመቸውም። ስለዚህ ትንሽ ይቆማል፣ ባልተጠበቀ ቦታ ይገባል። ከም ቱጌዘር ላይ ያለውን የታም አመታት አድምጡት። ብዙ ድራመር ኖታውን በትክክል ይመታዋል፣ ስሜቱ ግን አይመጣለትም። ክንድ ነው ነገሩ።

ባንዱ ውስጥ ሁለት ድራመር ያለው ሪንጎ ስለደከመ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በ1989ኙ የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ ከእሱ ሌላ ጂም ኬልትነርና ሌቮን ሄልም ነበሩ። ያኔ ሪንጎ ገና ሃምሳ አልሞላውም። ምክንያቱ ሌላ ነው። ወደ ፊት ወጥቶ ሲዘፍን ድራሙን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሲመለስ ደግሞ ሁለቱ አብረው ይመታሉ። ሁለት ድራመር አብሮ ሲመታ ትንሽ ከተዛባ ሙዚቃው ጭቃ ይሆናል። ቢሶኔት ይህን የሚያደርገው ራሱን አሳንሶ ነው። ብቻውን ቢለቁት ቤቱን ያፈርሰዋል፣ ያንን ሁሉ አቅም ይዞ የሪንጎን ቀላል ምት ይከተላል። እኔ ቅዳሜ ዓይኔን የተከልኩት እሱ ላይ ነው።

ባለካሴቱ

ልጆች እንደምን አላችሁ። እኔ መርካቶ ካሴት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ሱቁ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፣ ይሁን።

እናንተ አዲስ ነገር ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ይህ አሠራር የእኛው ነው። አንድ ባንድ መድረክ ላይ ይቀመጣል። ድምፃውያኑ ተራ በተራ ይወጣሉ። ጥላሁን ወጥቶ ይዘፍናል፣ ይወርዳል። ማሕሙድ ይከተላል። ባንዱ አይነቃነቅም። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራም እንደዚያ ነበር፣ እነ ሮሃም እንደዚያ ነበሩ።

ካሴት ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዘፋኙን አልነበረም። "በሮሃ ነው ወይ?" ይለኛል። በሮሃ ነው ካልኩት ሳይሰማው ይገዛል። ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስም አለ። ግን ቤዝ ማን መታ? ጊታር ማን ያዘ? ለጅማ ገዢ ጆቫኒ ሪኮ፣ ሰላም ስዩም፣ ፈቃዱ አምደመስቀል እያልኩ የምነግረው እኔ ነበርኩ። ፊታቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ያ ሁሉ ቤት በእነሱ ጣት ተጨፍሮበታል፣ ሰርጉም በዓሉም።

እነዚህ ፈረንጆች ያደረጉት አጃቢውን ፊት ለፊት ማውጣት ነው። እኔን የነካኝ እሱ ነው።

የቦሳ ልጅ

ጋሼ፣ ይህን እኮ ነው የፈለግኩት! እስቲ ይጨምሩልን።

ባለካሴቱ

ምን ልጨምር። አቨሬጅ ዋይት ባንድ ያልከው ልጅ፣ ሄሚሽ ያልከው፣ የእነሱን ፒክ አፕ ዘ ፒስስ የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ ከፈተችልኝ። ስኮትላንዶች ናቸው አለችኝ። በ1975 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣ ነው። ሳክስፎኑን ስሰማ የዋልያስ ባንድ ልጆች ትዝ አሉኝ። በዚያው ዘመን እነሱም ሂልተን ሆቴል እንደዚያ ያለ ፈንክ ይጫወቱ ነበር። የእኛ ግን ከሥሩ ትዝታ አለው፣ ባቲ አለው። ጆሮ ላለው ሰው ልዩነቱ እዚያ ነው።

ከኪቶ

ዋልያስ ከተነሳ ለጅሬኑ ወዳጃችን መልስ ይሆናል። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ማሕሙድ አሕመድንና ጌታቸው ካሳን ይዞ አሜሪካን ዞረ። ከባንዱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ደንበኛ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በ1985 የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ታተመለት። ወደ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ላላ በሉ የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ሰውየው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ አዲስ ሥራ ሠራ። "ይረፉ" ብንለው ኖሮ?

ሪንጎም ቢሆን የድሮውን ብቻ አይደለም የሚያመነዥከው። በ2025 መጀመሪያ ሉክ አፕ የሚባል የካንትሪ አልበም አውጥቷል።

ጅሬን ላይ ነኝ

ኃይሉ መርጊያን አትንኩብኝ፣ እሱን እወዳለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ኃይሉ አዲስ ነገር አመጣ። ሪንጎ ካንትሪ ያውጣ፣ ኮንሰርቱ ላይ ሕዝቡ የሚጠብቀው ግን ያንኑ የድሮውን ነው። ድምፅስ? ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ድምፅ ይሄዳል። አትዋሹኝ።

ስቲክ

ይሄዳል። ማንም አይክድም። መላው ቀላል ነው፣ ዘፈኑን ከተቀዳበት ቶን ዝቅ አድርጎ መጫወት። ነውር የለውም። የእኛም ትልልቅ ዘፋኞች ያደርጉታል። ሪንጎ ደግሞ ድሮም ሰፊ ድምፅ አልነበረውም። ቢትልስ ውስጥ ለእሱ የሚሰጠው ዘፈን በእሱ ልክ የተሰፋ ነበር። ስለዚህ የሚያጣው ጥቂት ነው። ከፍ ያለውን ወጣት የሆነው ይዘፍነዋል... ወጣት ስል የስልሳ ዓመቱን ማለቴ ነው፣ ሃሃ።

ጊቤ ወዲህ

አንድ ጥያቄ። ይህ ከትራቭሊንግ ዊልበሪስ በምን ይለያል? እነሱም ሱፐርግሩፕ (ከየቦታው የተሰበሰቡ ዝነኞች ባንድ) አይደሉም እንዴ?

ከኪቶ

ነበሩ። ጆርጅ ሃሪሰን፣ ቦብ ዲለን፣ ቶም ፔቲ፣ ሮይ ኦርቢሰን፣ ጄፍ ሊን። አልበም ሠሩ እንጂ ለኮንሰርት አልዞሩም። የመጀመሪያው አልበም በወጣ በሁለት ወር ገደማ፣ ታኅሣሥ 1988 ኦርቢሰን ሞተ። የሪንጎ ግን ከመነሻው የመንገድ ባንድ ነው። ሐሳቡን ያመጣለት ዴቪድ ፊሾፍ የሚባል ፕሮሞተር ነው። የመጀመሪያው ትርዒት ሐምሌ 1989 ዳላስ ላይ ነበር።

አዌቱ ማዶ

የኤድጋር ዊንተርን ፍራንከንስታይን ሳታነሱት እንዳታልፉ። ግጥም የለውም፣ ሙዚቃ ብቻ ነው። በ1973 አንደኛ የወጣ ነው። ያኔ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው በጣም ረዝሞባቸው ቴፑን ቆራርጠው፣ ቀጣጥለው ነው ያወጡት። ስሙም ከዚያ መጣ። ሰውየው ኪቦርዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይጫወታል፣ ያስቀምጣል፣ ሳክስፎን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ከበሮ ይመታል። ሪንጎ በመሃል ትንፋሽ ለመውሰድ ይወጣል። ባንዱ መሪው በሌለበት ያብዳል። ሲመለስ እንደ ምንም ነገር "እዚህ ነበርኩ" የሚል ፊት ያሳያል።

ቡና በጠዋት

ማንም ሙላቱን አላነሳም? የጅማ ክር ውስጥ? ሼም ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ነው የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1943። ዌልስ ተማረ፣ ለንደን ተማረ፣ ቦስተን በርክሊ ገባ። ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። በርክሊ በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ሱፐርግሩፕ ካላችሁ ደግሞ በ2008 ለንደን ባርቢካን አዳራሽ ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ? ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ ሙላቱ። አራቱም በአንድ መድረክ። ያጀባቸው ኢዘር ኦርኬስትራ የሚባል የቦስተን ባንድ ነው። ከእነዚህ የሚበልጥ የአንጋፋ ቡድን ካለ ንገሩኝ።

ጅሬን ላይ ነኝ

በዚህ አልከራከርህም። ግን አየህ፣ ለንደን ነው። ጅማ አይደለም። የተወለደበት ከተማ ልጆች በዩቲዩብ ነው የምናየው፣ ያውም ዳታ ሲኖረን።

ባለካሴቱ

ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 አረፈ። ዓለማየሁ በ2021። አሊ ቢራ በ2022። የፈረንጆቹንም የልጅ ልጄን አስፈለግኳት። የሪንጎ የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ ከነበሩት ሌቮን ሄልም የለም፣ ሪክ ዳንኮ የለም፣ ቢሊ ፕሬስተን የለም፣ ክላረንስ ክሌመንስ የለም፣ ዶክተር ጆን የለም። እነሱ ግን ሳይሞቱ በፊት አብረው ተጫውተዋል፣ ቪዲዮም አለ። "ይረፉ" የምትለው ልጅ፣ አትቸኩል። ማረፉ አይቀርም።

እኛ ጋ ታዋቂውን ተዉት። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። በሆቴሉ የሚጫወት ነበር፣ በሰርግ የሚነፋ ነበር። ከእነዚያ ልጆች ዛሬም ያሉ አሉ። አንዱን በየጠዋቱ መስጊድ ሲሄድ አየዋለሁ። አኮርዲዮን እንዴት ይጫወት እንደነበር ጎረቤቱ እንኳ አያውቅም።

የቦሳ ልጅ

ጋሼ፣ በቃ እንሰብስባቸዋ! በሪንጎ ሥርዓት። እያንዳንዱ የራሱን ሁለት ዘፈን ያመጣል፣ ሌላው ያጅበዋል። አንድ ማታ።

ገመቹ ባለቤዙ

እኔ በሐሳቡ አለሁበት። ቤዝ እይዛለሁ፣ ወጣት ስለሆንኩ ከኋላ ቆሜ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ዝርዝሩ አማርኛ ብቻ እንዳይሆን። የጅማ የድሮ ሰው ያለ አሊ ቢራ ዘፈን አይነሳላችሁም። አሊ እኮ በክቡር ዘበኛ የተጫወተ ሰው ነው፣ ለባንድ የሚመች ሙዚቃ ነው። እኔ አባቴን ይዤ እመጣለሁ፣ እሱ ሳይጨፍር የሚመለስ ከሆነ አልመጣም።

ባለካሴቱ

ይህ ምን ጥያቄ አለው፣ ልጄ። የአሊን ካሴት ከሮሃ እኩል ነው የሸጥኩት። ያውም አንዳንዴ ቀድሞ ያልቅብኝ ነበር።

ስቲክ

በቁም ነገር ከሆነ እንነጋገር። የሽማግሌ ባንድ ልምምድ ይፈልጋል። ረጅም ልምምድ ሳይሆን ተደጋጋሚ አጭር ልምምድ። ከሰዓት፣ ሳይመሽ። ወንበር ይቀመጥላቸው። ሞኒተር ስፒከር ፊታቸው ይቀመጥ፣ ጆሮ ይደክማልና ራሳቸውን ካልሰሙ ይጠፋሉ። ድምፁ አይጩህ። ከሁሉ በላይ ከእያንዳንዱ ሽማግሌ ጎን አንድ ወጣት ይቁም፣ ቢሶኔት ለሪንጎ እንደሚያደርገው። ሲደክሙ የሚሸከም፣ ሲነሱ የሚተው። የእኛ አገር ወጣት ሙዚቀኛ ችግሩ መተው አለመቻሉ ነው። ሰውየው ሶሎ ሲጀምር እሱም ይጀምራል።

ገመቹ ባለቤዙ

እኔን ነው?

ስቲክ

አንተን አይደለም፣ ወንድሜ። አንተንም ግን ይመለከታል :)

ጅሬን ላይ ነኝ

እሺ፣ እኔም ልናገር። የሪንጎ ኮንሰርት ላይ ያልኩትን አልቀየርኩም፣ ግማሹ ትዝታ ነው። የጋሼ ግን ለየት ይላል። እነዚህን ሰዎች አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። ለእኔ የድሮ አይደሉም፣ አዲስ ናቸው። ወንበር ማመላለስ ካለ ቁጠሩኝ። ትኬት ይቆረጥ ከተባለም እከፍላለሁ፣ ነፃ አታድርጉት። ነፃ ሲሆን ሰው እያወራ ነው የሚያዳምጠው።

ቡና በጠዋት

አዳራሽ የት? ዩኒቨርሲቲው ጋ ሰፊ ቦታ አለ፣ ደብዳቤ ይፈልጋል። ሆቴል ከሆነ ቅዳሜ ሰርግ ይይዘዋል። ሐሙስ ወይ እሑድ ከሰዓት ይሻላል።

አዌቱ ማዶ

እኔ ከዚህ የስኔር ቆዳና የጊታር ክር መላክ እችላለሁ። ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ። አስር ኪሎ የጅማ ቡና በለውጡ እቀበላለሁ፣ አልቀልድም።

ሳሮን ፈረንጅ አራዳ

ሰላም፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አጎቴ ሳክስፎን ይጫወት ነበር። ሆቴል ውስጥም ሠርቷል። ይህን ክር አነበብኩለት። ምንም አላለም፣ ግን ማታውን ሳክስፎኑን ከአልጋ ሥር አወጣው። ችግሩ ፓዶቹ (ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት) ደርቀዋል፣ አየር ያሳልፋሉ። የታችኛው ድምፅ አይወጣም። እዚህ የሚሠራ ሰው አለ? ወይስ አዲስ አበባ መላክ ነው?

ስቲክ

አዲስ አበባ ነው የሚሻለው። የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ለጊዜው ግን በኃይል እንዳይጫነው ንገሪው፣ ቁልፎቹ ይጣመማሉ። ማውዝፒሱን (አፍ ውስጥ የሚገባውን) ለብ ባለ ውሃ ይጠበው፣ በፈላ አይሁን። ሪድ (ሲነፋ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ) አለው?

ሳሮን ፈረንጅ አራዳ

አንድ አለው። ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል ይላል።

አዌቱ ማዶ

ሪድም እልካለሁ። አልቶ ነው ቴነር?

ሳሮን ፈረንጅ አራዳ

ቴነር። ደግሞ ጠይቂልኝ ያለው ነገር አለ። ከአኮርዲዮኑ ሰውዬ ጋር ከሆነ አልጫወትም ይላል። የድሮ ጉዳይ አላቸው።

ባለካሴቱ

ሃሃሃ! አውቀዋለሁ ጉዳዩን። ለአንድ ሰርግ ክፍያ ነው የተጣሉት። ሁለቱንም እኔ አስታርቃለሁ፣ ለእኔ ተዉት። ዓርብ ከሶላት በኋላ አኮርዲዮኑን ቤቴ እጠራዋለሁ። አጎትሽን አንቺ አምጪው፣ ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪው።

የቦሳ ልጅ

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። እኔ አዳራሹን ሰኞ አጠይቃለሁ። ጄኔሬተር አንድ ጓደኛዬ ጋ አለ። ነዳጁን ማን ይችላል?